መኪናዎ ውስጥ የተቃጠለ ጎማ ሲሸትዎ ምንጩን እንዴት ፈልገው እንደሚያስተካክሉ

የተቃጠለ ጎማ ሽታ ሲመጣ አብዛኛው አሽከርካሪ መጀመሪያ የሚከፍተው ኮፈኑን ነው። እኔም ከጢስ ዓባይ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ይህ ሽታ ገጥሞኝ አንድ ጋራዥ ቺንጋውን (ሞተሩ ዲናሞውንና ሌሎች ዕቃዎችን የሚያዞርበትን ቀበቶ) ቀየረልኝ፤ በማግሥቱ ግን ሽታው ተመለሰ። በመጨረሻ መኪናው ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ብመለከት ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ጥቁር ፌስታል ቀልጦ፣ እንደ ሬንጅ ተጋግሮ አገኘሁት፤ በካቻቪቴ ፍቄ ሳነሳው ሽታው ጠፋ። ቺንጋው ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመንካቴ በፊት ሽታው መቼና በምን ሁኔታ እንደሚመጣ እለያለሁ፤ የሚከተለውም አሠራር በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

በመጀመሪያ ከአስፋልቱ ጠርዝ ወጥተው ያቁሙ፤ የጋለ ማርሚታ ደረቅ ሣር ሊያቀጣጥል ስለሚችል ሣር ላይ አይቁሙ። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ከታየ ሞተሩን አጥፍተው ተሳፋሪዎችን ያውርዱ፤ የሚገባው አየር እሳቱን ስለሚያባብሰው ኮፈኑን ወለል አድርገው አይክፈቱ። ሽታው አፍንጫ የሚወጋ፣ የፕላስቲክ ዓይነት ከሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊሆን ይችላል። እሳት ከሌለ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ይንቀሉና ወደ ኤሌክትሪሺያን ይውሰዱት። የተቃጠለን ፊውዝ ከፍ ባለ አምፔር ወይም በሽቦ ቁራጭ መተካት መኪናውን ለእሳት መዳረግ ነው።

ቀጥሎ ሽታው የመጣበትን ጊዜ ያስታውሱ። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ከሲጥሲጥታ ጋር ከመጣ ቺንጋውን፣ እንደ ባሕር ዳሩ ቤዛዊት ኮረብታ ያለ ዳገት ሲወጡ ከመጣ ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሽ ቤቱ የሚያገናኘውንና የሚለየውን ክፍል)፣ ሰው ሲሞላ ወይም መሪ ሲጠመዘዝ ብቻ ከመጣ ከመኪናው አካል ጋር የሚፋቀውን ጎማ ይጠርጥሩ። በሜዳ መንገድ ያለ ምክንያት ከመጣና መኪናው የከበደ ከመሰለዎት ግን ፍሬን ነው፤ ሊዘገይ የማይገባውም ይህ ነው።

ፍሬኑን ለመመርመር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳያበዙ ይንዱና ቀስ ብለው ያቁሙ። የእጅዎን ጀርባ ሳያስነኩ ወደ አራቱም ቸርኬዎች ተራ በተራ ያስጠጉ። ከሌሎቹ ለይቶ እጅን የሚለበልብ ሙቀት የሚወጣበት ካለ ፍሬኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ውሃ አይድፉበት፤ የጋለው ዲስክ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲቀዘቅዝ በተስተካከለ መሬት ላይ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፈው፣ የእጅ ፍሬኑ መለቀቁን አረጋግጠው በክሪክ ያንሱትና በእጅዎ ያሽከርክሩት። ከተያዘ መካኒኩ የአየር ማውጫውን ቡሎን ላላ ሲያደርገው ጎማው ነፃ ከሆነ ፈሳሹ ወደኋላ እንዳይመለስ የታገደበት ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜም ከውስጥ ያበጠው የፍሬን ላስቲክ ቱቦ ነው። አሁንም ካልለቀቀ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን ወይም ተንሸራታች ፒኖቹ ዝገው ይሆናል። ፒኖቹ ተጠርገው ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ ይቀባሉ፤ ፒስተኑ ከዛገ ካሊፐሩ ይጠገናል ወይም ይቀየራል። የፍሬን ሸራ የሚቀየረው በግራና በቀኝ በአንድነት ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ከተቀየረ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል።

ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት አራቱም ጎማዎች ከሸተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአነዳድ ነው። አቁመው ያቀዝቅዙ፤ ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው እንጂ ፍሬኑ ብቻውን አይሸከመው።

የቺንጋው ምርመራ አጭር ነው። ቁልፉን ነቅለው፣ በሁለት ፑሊዎች (ቺንጋው በሚዞርባቸው ክብ ዕቃዎች) መካከል ረጅሙን ክፍል በአውራ ጣት ይጫኑት፤ በእጅ በሚጠብቅ ቺንጋ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መርገብ የተለመደ ነው። የተሰነጠቀ ወይም እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ይቀየር። ድምፁን ለማጥፋት ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ ይህ ችግሩን ከመደበቅ በቀር ጥቅም የለውም። ዘይት ነክቶት ከሆነ መጀመሪያ የሚያፈስሰው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይጠገን፤ አለበለዚያ አዲሱም ይበላሻል። አዲስ ቺንጋ ተገጥሞም ከሸተተ ቺንጋውን አውልቀው የዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና የኤሲውን ፑሊ በእጅ ያዙሩ፤ የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚከብድ ካለ ኩሽኔታው (ፑሊው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ሞቷል።

ለፍሪሲዮን፣ ሰው በሌለበት ሜዳ የእጅ ፍሬን ስበው፣ 3ኛ ማርሽ አስገብተው ፔዳሉን በዝግታ ይልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ሳይጠፋ መሽከርከሩን ከቀጠለ የፍሪሲዮኑ ሸራ ይንሸራተታል። ፈተናው ራሱ ሸራውን ስለሚጎዳ አይደጋግሙት። መኪናውን ዳገት ላይ በፍሪሲዮን አንጠልጥሎ ማቆምና እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ መንዳት ደህናውንም ሸራ ይጨርሳሉ። በገመድ የሚሠራ ከሆነና ፔዳሉ ምንም ነፃ ጨዋታ ከሌለው መጀመሪያ ገመዱ ይስተካከል፤ ሸራው ካለቀ ግን ከፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ጋር አብሮ ይቀየር፤ ማርሽ ቤቱን ሁለት ጊዜ ማውረድ ኪሳራ ነው።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ መኪናው ሲቀዘቅዝ ማርሚታውን ይመልከቱ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ግን ፈጽሞ አይግቡ።

ጥገናው ሲያልቅ ሽታው በመጣበት መንገድና በዚያው ጭነት ይንዱ። አዲስ የፍሬን ሸራ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ትንሽ ሊሸት ይችላል፤ ሽታው ከአንድ ጎማ ብቻ ከመጣ ግን የእጅዎን ጀርባ ወደ ቸርኬዎቹ እንደገና ያስጠጉ።