ጀልባና የእግር ጉዞ በአንድ ቀን፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ጫሞ ስትወርዱ አትሳሳቱ

ከደብረ ብርሃን ተጓዦችን ይዤ አርባ ምንጭ መውረድ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኞቹ መንዝ ጓሳ ላይ አብረውኝ የተራመዱ ናቸው። ብርድም ዳገትም አይበግራቸውም። ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ሲደርሱ ግን ያው ስህተት ይደገማል። ባለፈው ጉዞ እንደገና ሳየው ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ በእግር፣ ቀጥሎ በጀልባ

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። «ጠዋት ሳይሞቅ እንራመድ፣ ሲደክመን ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን እናርፋለን» ይላሉ። ስንቴ እንደሰማሁት!

ጫሞ ሐይቅ ጠዋት ጸጥ ይላል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳል። ማዕበሉ ጀልባዋን ጎኗን መምታት ሲጀምር ዕረፍት የሚባል ነገር የለም። ውሃ ይረጫል፣ ሆድ ይገለባበጣል፣ ሰው የጀልባዋን ጠርዝ ጨምድዶ ይይዛል። አዞ ለማየትም ቢሆን ጠዋት ይሻላል። አዞ ገላውን የሚያሞቀው ፀሐይ ነው። ረፋድ ላይ ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ፣ «የአዞ ገበያ» በሚባለው ቦታ፣ ዳር ወጥቶ ይዘረጋል። አንዳንዱ አፉን ከፍቶ ይተኛል። ሰው ሊበላ የተዘጋጀ ይመስላቸዋል። ሙቀት እያስወጣ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ ወደ ውሃው ይመለሳል። እናንተ በእግር ተጉዛችሁ፣ ምሳ በልታችሁ ስትመጡ የምታዩት ባዶ አሸዋ ነው።

እኔም ጠዋቱን አባክኜ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ 11 ሰው ይዤ ነበር። ሐይቁን ተሻግረን፣ ወደ ነጭ ሳር ሜዳ ወጥተን የሜዳ አህያ አይተን ልንመለስ አሰብን። ቁርስ ተንዛዛ፣ ሒሳብ ተንዛዛ፣ ጀልባ ላይ ስንወጣ 4 ሰዓት ሆኗል። አየን፣ ደስ አለን። ወደ ዳር ስንመለስ 8 ሰዓት አልፏል። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አላስነሳም። «ወንድሜ፣ አሁን አልሻገርም» አለኝ። መኪና እንደሚጠብቀን ነገርኩት። ተጨማሪ ብርም አቀረብኩለት። መልስ ሳይሰጠኝ በአገጩ ወደ ሐይቁ መሃል አመለከተኝ። ውሃው ነጭ አረፋ እያወጣ ይገለባበጣል። አንዲት ግራር ሥር ተጠጋግተን እስከ 11 ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። የመጠጥ ውሃ አልቋል። አንዷ ልጅ ራሷን እያመማት ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ነበር። እሷን ባየሁ ቁጥር ያቀረብኩት ብር ያሳፍረኝ ነበር። ያ ሰው በገንዘብ ቢሸነፍልኝ ኖሮ ምን ይዤ እመለስ ነበር?

ስለዚህ ጀልባ ነጂው አልሄድም ካለ አትከራከሩት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ጀልባ ላይ ሁኑ። ቁርሱን በፌስታል ያዙት። ከመውረዳችሁ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ተነጋገሩ፣ የምትወጡበትንም ቦታ በጣታችሁ አሳዩት።

ከሰዓት በኋላስ?

ሜዳው ከሰዓት በኋላ እሳት ነው። ጥላ የለውም። ለዚያ ሰዓት የሚሆነው የአርባ ምንጮቹ ደን ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእነሱ ነው። ውሃው ከመሬት እየፈለቀ የሚያሳድገው ደን ስለሆነ ዛፉ ትልልቅ፣ ጥላው ወፍራም ነው። ዝም ብላችሁ ከተራመዳችሁ ጉሬዛ ከላይ ሲዘል ታያላችሁ። ቡድኑ እየጮኸ ከሄደ ግን ከጦጣ በቀር ምንም አይጠብቃችሁም። በአባያና በጫሞ መሃል ወዳለው ወደ እግዜር ድልድይ የምትወጡ ከሆነ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ሳትይዙ አትሂዱ።

ሐይቁን እንደ በሬሳ መቁጠር

እኛ በሬሳ ወንዝ ላይ እግር እየታጠብን ያደግን ነን። ውሃ ስናይ ጫማ ማውለቅ ይቀናናል። እዚህ አይሆንም። አዞ ሰው የሚይዘው ዳር ላይ፣ ውሃው ደፍርሶ ከላይ ምንም በማይታይበት ቦታ ነው። ፊት መታጠብ፣ ጠርሙስ መንከር፣ ለፎቶ ውሃው ጫፍ ላይ መቆም ይቅር። ጀልባ ላይም እጃችሁን ውሃ ውስጥ አታንጠልጥሉ።

ጉማሬ ደግሞ ለብቻው ነው። ሰው አዞን ይፈራል፣ ጉማሬን «ወፍራም ነው፣ ሣር በሊታ ነው» ብሎ ይንቀዋል። ሌሊት ሣር ሲግጥ ያድርና ማለዳ ወደ ውሃው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መሃል የቆመ ሰው ትልቅ አደጋ ላይ ነው። መንገዱን ለዩት። ጭቃው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቦይ ታያላችሁ፣ መሃሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። ግራ እግሩና ቀኝ እግሩ ለየብቻ ስለሚረግጡ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ካያችሁ እዚያ ላይ አትቀመጡ፣ ተከትላችሁም ወደ ውሃው አትውረዱ።

ላይፍ ጃኬት

ከመካከላችን ዋና የሚችል ስንት ነው? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጃኬቱን ቁጠሩ፣ ማሰሪያው መሥራቱን እዩ። ከጎደለ አትሳፈሩ።

የጓሳን ጉልበት መተማመን

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር አካባቢ። ጓሳ ላይ በአንዲት ግማሽ ሊትር ውሃ ቀኑን የሚውል ጎበዝ ጫሞ ዳር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይዝላል። ጉልበት አንሶት አይደለም፣ ሰውነቱ ሙቀቱን አለመደውም። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ያዙ። ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ሸሚዝ። ጋቢው ቤት ይቅር፣ ለጠዋቱ የጀልባ ነፋስ ነጠላ ይበቃል። በጾም ወቅት ከሆነ ስንቁን ማታ አዘጋጁ። ማለዳ ላይ የሚበላ ፍለጋ ስትዞሩ ያ የረጋው ሰዓት ያልፋል።

ቤት ከገቡ በኋላ ወባን መርሳት

ይሄን ማንም አይጠይቀኝም። ደጋ ላይ ስለምንኖር ወባ ከሐሳባችን ውጪ ናት። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። አጎበር ውስጥ እደሩ፣ ሲመሽ እጅና እግራችሁን ሸፍኑ። ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ሳትወርዱ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት የጤና ባለሙያ ጠይቁ።

በሽታው ከተነከሳችሁ በኋላ ወዲያው አይታይም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። አብሮን የወረደ አንድ ልጅ ከተመለሰ በ12ኛው ቀን አንቀጠቀጠው። «ብርድ መታኝ» አለ። ደብረ ብርሃን ላይ ይሄን የሚጠራጠር ማን አለ? እናቱ ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡት፣ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደረቡለት። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሲወሰድ አርባ ምንጭ እንደነበረ አልተናገረም። እኔ ደውዬ «የት እንደነበርክ ንገራቸው፣ ደምህን ይዩት» አልኩት። ወባ ነበር። ዳነ፣ ግን ሦስት ቀን በከንቱ ተቃጥሏል።

ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በ10ኛውና በ20ኛው ቀን ለሁሉም እደውላለሁ። ስልኬን አንሱልኝ።