የተማሪን ንባብ ከወላጅ ጋር መከታተል፦ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቀረበ የአሠራር መመሪያ

በሰኔ ማብቂያ ካርድ ሲሰጥ ወላጅ ከስም ጠሪው መምህር ፊት ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ «መምህር፣ ልጄ ስንተኛ ወጣ?» መምህሩ ሮስተሩን ገልጦ «12ኛ» ይላል፤ ወላጁም ከ70 ተማሪ 12ኛ መውጣት ደግ ነው ብሎ ልጁን ይዞ ይሄዳል። ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም። ነገር ግን ደረጃ ልጁ ከክፍል ጓደኞቹ አንጻር የት እንዳለ እንጂ፣ መስከረም ላይ ያቃተውን ነገር ሰኔ ላይ መቻል አለመቻሉን አይናገርም፤ ክፍሉ በሙሉ ደካማ ከሆነ 12ኛ የወጣውም ልጅ አንድ አንቀጽ አንብቦ መረዳት ሊያቅተው ይችላል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለርዕሳነ መምህራን፣ በታችኞቹ ክፍሎች ለሚያስተምሩ መምህራንና ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ የእያንዳንዱን ልጅ ንባብ በቀላሉ ለክቶ፣ ውጤቱን ወላጅ በሚገባው መልክ አሳይቶ፣ የዓመቱን የማሻሻያ ዕቅድ በዚያ ላይ እንዲመሠርት ለማገዝ የታሰበ ነው።

ከሁሉም ትምህርት ንባብን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተካሄደው የንባብ ክህሎት ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ቢያንስ 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። በታችኛው እርከን ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በኖረው የነፃ ዝውውር አሠራር፣ ማለትም ተማሪው ሳይወድቅ ወደ ቀጣዩ ክፍል በሚያልፍበት ደንብ፣ እንዲህ ያለው ልጅ ከክፍል ክፍል እየተሻገረ 4ኛ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ እዚያ ሲደርስ ሳይንሱም ሒሳቡም በንባብ የሚመጣ ስለሆነ በአንድ ጊዜ በሁሉም ትምህርት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ችግሩ በይፋ የሚታወቀውም በ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ፣ ማለትም ለማስተካከል እጅግ ከዘገየ በኋላ ነው።

ልኬታው እንዴት ይሠራል?

የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ምንባብ፣ ሰዓትና ደብተር ብቻ ነው። መምህሩ ከ50 እስከ 60 ቃላት ያሉት፣ በተማሪዎቹ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ነገር ግን በክብደቱ ከመጽሐፉ ጋር የሚመጣጠን አጭር ታሪክ በትልልቅ ፊደል ያዘጋጃል፤ ከዚያም ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው እየጠራ ለአንድ ደቂቃ ያስነብባል፣ በትክክል የተነበቡትን ቃላት ይቆጥራል፣ በመጨረሻም ስለ ታሪኩ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል። ለአንድ ልጅ ሦስት ደቂቃ ቢወስድ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል በሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል በመመደብ ያልቃል። ቀሪዎቹ ተማሪዎች በዚያ ጊዜ የጽሕፈት ሥራ ይሠራሉ፤ ክፍሉ ጸጥ እንዲል የሚያግዝ ሌላ መምህር ቢገኝ ይመረጣል። ምንባቡ የሚዘጋጀው ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ነው፤ በአዊ በአዊኛ፣ በዋግ ኽምራ በኽምጣንኛ፣ በከሚሴ በኦሮምኛ ለሚማር ልጅ በአማርኛ መለካት የንባብ ችሎታውን ሳይሆን ሌላ ነገር መለካት ይሆናል።

ምንባቡ አዲስ ይሁን የምለው በራሴ ላይ ከደረሰ ስህተት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት አንዲት የ2ኛ ክፍል ተማሪ መጽሐፏን ዘርግታ ስለ ላም የሚናገረውን ምንባብ ያለ አንዳች እንከን ወረደችው፤ ጎሽ ብዬ ወደ ቦታዋ ልመልሳት ስል ጣቷን ልብ አልኩ። አፏ ምንባቡን ጨርሷል፣ ጣቷ ግን ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። «እስቲ ‹ላም› የሚለው የቱ ነው?» ብላት ጣቷን አንሥታ ከላሚቱ ሥዕል ላይ አሳረፈች። ልጅቱ አልቀጠፈችም፤ እኛው ነን ምንባቡን በኅብረት እያስጮህን በቃሏ ያስያዝናት። የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ችግር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር፤ ልጁ ሀ ሁን በዜማ ከወረደ በኋላ ፊደላቱ ቦታቸውን ለውጠው የተደረደሩበትን «አ ቡ ጊ ዳ» የሚያስቆጥሩት፣ ፊደሉን በመልኩ ለየው ወይስ በተራው ሸመደደው የሚለውን ለማወቅም ጭምር ነው። ስለዚህ ፊደል መለየትን ስትለኩ ከ231ዱ የፊደል ገበታ ሆሄያት 30 ወይም 40 ያህሉን አደበላልቃችሁ በሌላ ወረቀት ጻፉ እንጂ በገበታው ተራ አታስነብቡ። በዚህ ጊዜ የትኛው ልጅ «ቤት»ን «ቢት» እንደሚል፣ ማለትም ሣልስንና ኃምስን እንደማይለይ፣ የትኛው ደግሞ ቅርጹ ከፊደል ፊደል በሚለዋወጠው ሳድስ ላይ እንደሚሰናከል ወዲያው ይታያል፤ መምህሩም ክፍሉን በሙሉ ከሀ እንደገና ከማስጀመር ይድናል።

ከልኬታው በኋላ ልጆቹን በአራት ከፍሎ መመዝገብ ይበቃል፦ ፊደል ገና ያልለዩ፣ ፊደል ለይተው ቃል የሚያቅታቸው፣ ቃላቱን እያነበቡ ሐሳቡ የማይገባቸውና አንብበው የሚረዱ። በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ይሰጥና የጥቅምት፣ የጥርና የግንቦት ልኬታ ጎን ለጎን ይጻፋል። መስከረም ምዝገባው የሚጓተትበትና ተማሪው ተጠቃልሎ የማይገባበት ወር ስለሆነ ጥቅምት ይሻላል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፦ ይህ ቁጥር በማርክ ሊስት ላይ አይደመር፣ ለመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ነጥብም መስጫ አይሁን። የሚደመር ከሆነ በሁለተኛው ዙር ሁሉም ልጅ አንባቢ ሆኖ ይገኛል፤ ያ ምን ማለት እንደሆነ በትምህርት ቤት ለሠራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ወላጅን መጥራት

ወላጅ አይመጣም የሚለው ወቀሳ በየስብሰባው ይሰማል፤ እኔም ለብዙ ጊዜ ስለው ኖሬአለሁ። ነገር ግን ወላጅን የምንጠራበትን ምክንያት ዘርዝረን ብናይ አብዛኛው አጥር፣ መማሪያ ክፍል፣ የጥበቃ ደመወዝ ወይም ልጁ የሰበረው መስኮት ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ሦስቱንም ጊዜ መዋጮ የተጠየቀ አባት በአራተኛው የልጁን ታላቅ ወንድም ቢልክ ሊደንቀን አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ የንባብ ውጤት በሚነገርበት ቀን የገንዘብ ጉዳይ በፍጹም አለማንሣት ነው፤ መዋጮው የግድ ከሆነ ሌላ ቀን ይያዝለት።

ቀኑን በመምረጥ ረገድ ትምህርት ቤቱ የራሱን ሳይሆን የወላጁን የጊዜ ሰሌዳ ይከተል። በገጠር የኅዳር አጨዳና የሰኔ እርሻ እያለ መጥራት ባዶ ክፍል መጥራት ነው፤ በአንጻሩ ገበሬው በሬ በማይጠምድባቸው የበዓል ቀናት፣ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ስግደት በኋላ፣ ሰው በቀላሉ ይገኛል። በከተማ የቀን ሥራ የሚሠራ ወላጅ ከግማሽ ቀን ደመወዙ ላይ ቀንሶ እንደሚመጣ አስቦ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ መያዝ ይገባል። ወተመህ ከዕድር ዳኛው ጋር ተነጋግሮ መልእክቱን በዕድር ስብሰባ ላይ ቢያስነግር፣ ተማሪው ከሚያደርሰው፣ አንዳንዴም ከማያደርሰው ወረቀት የበለጠ ይሠራል።

በዕለቱ ወላጆችን በሙሉ በአዳራሽ ሰብስቦ ሪፖርት ማንበብ አይጠቅምም። ርዕሰ መምህሩ አሥር ደቂቃ ተናግሮ ወላጆችን በየክፍላቸው ይላክ፤ በክፍሉ ውስጥ መምህሩ እያንዳንዱን ወላጅ ከልጁ ጋር ለአምስት ደቂቃ ያህል ያነጋግር። ክፍሉ ሰፊ ከሆነ ወላጆችን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ከፋፍሎ መጥራት ነው። የልጁን ድክመት በሌላ ወላጅ ፊት መናገር ነውር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያ ወላጅ አይመለስም። መምህሩ ቁጥር ከመናገሩ በፊት ልጁን ያስነብበው፣ ወላጁ በጆሮው ይስማ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ የጥቅምቱን ምንባብ መልሶ ያስነብበው፤ ያን ጊዜ ፊደል እየቆጠረ ይንገታገት የነበረ ልጅ አሁን ሲወርደው የሰማች እናት ስንተኛ ወጣ ማለቷን ትረሳዋለች።

ማንበብ የማይችል ወላጅ ምን ያድርግ?

ብዙ መምህራን እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣሉ፤ «እናቱ ራሷ ፊደል ያልቆጠረች ምን ልትረዳው?» ይባላል። ማንበብ የማያውቅ ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ግን ጥቂት አይደለም። ማታ ከእራት በፊት ወይም ቡናው እስኪፈላ ሩብ ሰዓት ለልጁ ይለቀቅለት፤ በዚያ ሰዓት ውኃ ቅጂ፣ ጥጃ እሰር አይባል። ልጁ ከወላጁ አጠገብ ተቀምጦ በእያንዳንዱ ቃል ሥር ጣቱን እያስኬደ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ወላጁም ፊደሉን ባያውቅም ጣትና አፍ አብረው መሄዳቸውን በዓይኑ ይከታተላል። ከዚያ «መጨረሻ ያለውን መስመር ብቻ አንብብልኝ» ይበለው፤ በቃሉ የያዘ ልጅ ከመጀመሪያው ካልተነሣ አይሆንለትም። በመጨረሻም «ታዲያ ምን ይላል? በራስህ ቃል ንገረኝ» ብሎ ይጠይቀው። ይህን ለወላጅ በቃል ከመንገር ይልቅ በክፍሉ ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ሠርቶ ማሳየት የተሻለ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

መጽሐፍ ለተማሪው በማይዳረስበት ትምህርት ቤት መምህሩ በየሳምንቱ አንድ አጭር አንቀጽ በሰሌዳ ጽፎ ተማሪዎቹ በደብተራቸው ገልብጠው ወደ ቤት ይውሰዱ። የጨው ከረጢት፣ የመድኃኒት ማሸጊያና ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያም ይነበባል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካለ ታናሹን እንዲያስነብብ ወላጁ ኃላፊነት ይስጠው።

ከደብተሩ ወደ ማሻሻያ ዕቅዱ

እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በመማር ማስተማር፣ በምቹ የትምህርት አካባቢ፣ በትምህርት ቤት አመራርና በኅብረተሰብ ተሳትፎ የተከፈለ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅድ እንደሚያዘጋጅ የታወቀ ነው። ዕቅዱ ግለ ግምገማን ተከትሎ መዘጋጀት ሲገባው፣ በተግባር የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፦ በአንድ ወቅት ገጽ በገጽ የገመገምኩት ዕቅድ በመካከሉ የሌላ ትምህርት ቤት ስም ሳይለወጥበት ቀርቶ አግኝቻለሁ። የንባብ ደብተሩ በእጅ ካለ ግን መቅዳት አያስፈልግም። «የተማሪዎችን ውጤት ማሻሻል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይቀርና «በጥቅምት ልኬታ ፊደል ካልለዩት 23 የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ 18ቱ እስከ ግንቦት ቃል እንዲያነቡ ማድረግ» የሚል ዓይነት ዓላማ ይጻፋል፤ ማን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚሰጥም ከሥሩ ይሠፍራል። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ የማጠናከሪያው ክፍል የሚገኝበትን ሰዓት አስቀድሞ ማጣራት ነው፤ ብዙ ዕቅድ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ) ገንዘብ ሲመጣም ወተመህ ወጪውን ከዚህ ዓላማ ጋር እያመሳከረ ያጽድቅ፤ ቀለምና መጋረጃ ከተጨማሪ ንባብ መጻሕፍት መቅደም የለባቸውም።

ከንባቡ ቁጥር ጎን ልጁ የቀረባቸው ቀናት ከስም መጥሪያው ተገልብጠው ይጻፉ። በየሳምንቱ በገበያ ቀን የሚቀር ልጅ በ40 የትምህርት ሳምንታት ውስጥ 40 ቀን፣ ማለትም ስምንት ሙሉ የትምህርት ሳምንት ያጣል። ይህን ለወላጁ በዚሁ ሒሳብ ማስረዳት «ልጅዎ ይቀራል» ከማለት ይልቅ ይገባዋል፤ ብዙ ጊዜም «እንዲህ መሆኑን አላወቅኩም» የሚል መልስ ይመጣል፤ ገበያ ሲሄድ ከብት የሚጠብቅለት ሌላ ሰው ከሌለው ደግሞ በተራ የሚጠብቅለትን ጎረቤት ወተመህ ሊያነጋግርለት ይችላል።

ሐምሌ ከመግባቱ በፊት መምህሩ የደብተሩን አንድ ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱን ደግሞ ልጆቹን በሚቀጥለው ዓመት ለሚረከበው መምህር ያስረክብ። የመምህራን ዝውውር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ስለሆነ፣ በቃል እነግረዋለሁ የተባለው ነገር ሁሉ መስከረም ላይ አይገኝም።