ባንጆው አልቃኝ ሲላችሁ
ብልሽት ከመፈለጋችሁ በፊት የባንጆውን፣ የዚያን ፊቱ እንደ ከበሮ የተወጠረ መሣሪያ፣ ክሮች ቁጠሩ። ግማሹ ችግር የሚያልቀው እዚያው ነው።

ዩቲዩብ ላይ እንዳያችሁት ብትመቱትም ያ ድምፅ አይመጣም? የያዛችሁት ባለ 4 ክር ቴነር ሳይሆን አይቀርም፤ የምታዩት ደግሞ ባለ 5 ክር ነው። የባለ 5ቱ አጭር ክር ከ5ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች) ትነሳለች። አውራ ጣት ይመታታል፣ ከዜማው በላይ ታስተጋባለች። ብሉግራስ የሚሉት የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ ያለሷ አይሆንም። ቴነር በመምቻ ለጃዝ ኮርድና ለአየርላንድ ዜማ ይሆናል። መሣሪያውን አትለውጡ፤ የቴነር ትምህርት ፈልጉ።

አምባሰል ስትጫወቱ ክፍት ክር ይረብሻል? እኔ በጣም የምወደው ችግር ይሄ ነው። ባለ 5ቱ በአብዛኛው ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይቃኛል። ትዝታ ሜጀርን ከጂ ከጀመራችሁ ክፍት ክሮቹ በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ናቸው። አምባሰል ግን ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት ነው፤ ቢ ቦታ የላትም። ቢ የተቃኘችውን 2ኛዋን ክር በግማሽ ድምፅ ወደ ሲ ከፍ አድርጓት። የአፓላችያ (የምሥራቅ አሜሪካ ተራሮች) ተጫዋቾችም በዚሁ ቅኝት ይጫወታሉ። ለትዝታ ማይነር ያችኑ ክር ወደ ቢ ፍላት አውርዱ። ክራር መቺ ለቅኝቱ ብሎ የክሩን ድምፅ ይለውጥ የለ? ባንጆም ላይ አትፍሩ።

ክረምት ገብቶ ድምፁ ደነዘዘ፣ ክሮቹም ፍሬት እየነኩ ዝዝ ይላሉ? የጣና ዳር እርጥበት ነው። ፊቱ ላይ የተወጠረው የተፈጥሮ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ በርኩማው (ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት) ይሰምጣል፣ ክሩ ይወርዳል። ቆዳውን የሚወጥሩትን ዙሪያውን ያሉትን ዳዶዎች ትንሽ ትንሽ አጥብቁ፤ አንዱን ነካ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን። በጋ ሲመጣ መልሳችሁ አላሉ፤ ቆዳው ሲደርቅ ስለሚወጠር ሊቀደድ ይችላል። በቆዳው ፈንታ የሚወጠረው ፕላስቲክ በአየር ጠባይ ብዙም አይለወጥም። የቆዳው ለስላሳ ድምፅ ቢያሳሳኝም ለባሕር ዳር ክረምት ፕላስቲኩን እመርጣለሁ።

ክፍቱ ተቃኝቶ አንገቱ ላይ ወደ ላይ ስትወጡ ይበላሻል? በርኩማው ተንሸራቷል። አልተጣበቀም፤ የያዘው የክሩ ጫና ብቻ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ስትጫኑ ከክፍቱ ልክ አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ ከፍ ብሎ) መውጣት አለበት። ከበለጠ በርኩማውን ከአንገቱ አርቁ፤ ካነሰ አቅርቡ።

የባንጆው ድምፅ አብሮት የሚጫወተውን ማሲንቆ ይውጠዋል? ከኋላው የእንጨት ሪዞኔተር ካለ ፍቱት። እሱ ድምፁን ወደ ፊት ይወረውራል፤ ለማጀብ ክፍት ጀርባ ይሻላል።