ያገለገለ ካሜራ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

ፎቶ ማንሳት ለምትወዱ ጀማሪዎች፣ ብራችሁን ሁሉ ካሜራው ላይ አትጨርሱ። ሜጋፒክስሉንም አታክብዱት፣ 24 ከበቂ በላይ ነው። ልዩነቱ ያለው ሌንሱ ላይ ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ቀን ቀን ምንም አይልም፤ ማታ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ላንሳ ስትሉ ግን ፎቶው ወይ ይጨልማል ወይ ይደበዝዛል። ያኔ የምታድናችሁ ብዙ ብርሃን የምታስገባው ርካሿ 50 ሚሊሜትር 1.8 ሌንስ ናት።

ሻጩ "ብዙ አልተነሳበትም" ቢላችሁ ዝም ብላችሁ አትመኑት። ኒኮን ከሆነ እዛው አንድ ፎቶ በጄፔግ አንሱና ፋይሉን ሹተር ካውንት (ሹተሩ፣ ማለትም በየፎቶው የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራ) የሚያነብ ድረ ገጽ ላይ ጫኑት፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ቁጥሩ ቁጭ ይላል። ለምሳሌ የኒኮን ዲ7200 ሹተር የተፈተነው ለ150,000 ፎቶ ነው፣ ከዚያ በላይም ሊሠራ ይችላል፣ ግን 140,000 የደረሰውን በአዲስ ዋጋ መግዛት ሞኝነት ነው።

ሌንሱን ደግሞ ከካሜራው ላይ ፈትታችሁ የስልክ መብራት አሳልፉበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ተዉት። እኔ "አቧራ ነው፣ ይጠረጋል" ተብዬ ገዝቼ እስካሁን ዕቃ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

በመጨረሻ አፐርቸሩን (ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበትን ቀዳዳ) 16 አድርጋችሁ ሰማዩን አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። ይሄኛው በእርግጥ ይጸዳል፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ አሪፍ ሰበብ ነው።