ተሰብሮ የወለቀ ቁርጭምጭሚት ስንጠግን የሚደጋገሙ ስህተቶች

አጥንቱ ቆዳውን ከውስጥ ወጥሮ አንጥቶታል፤ በእግሩ ጀርባ ላይ የደም ሥር ምት አይዳሰስም፤ በሽተኛው ግን ራጅ ክፍል ወረፋ ይጠብቃል። ይህ መቅረት አለበት! እንዲህ ሲሆን ራጁ ይቆያል። ማስታገሻ ስጡ፣ ጉልበቱን 90 ዲግሪ እጠፉ (የባት ጡንቻ የሚላላው ያኔ ነው)፣ ተረከዙን ይዛችሁ ሳቡና መገጣጠሚያውን መልሱ። ምቱንና የእግሩን ስሜት ከመመለሱ በፊትም በኋላም መዝግቡ።

ወጌሻ አስሮት የመጣ ከሆነ መጀመሪያ እስሩን ፍቱ።

ባበጠ እግር ላይ ቆዳ ቆርጣችሁ አትክፈቱ፤ ቁስሉ አልገጥም ብሎ ፕሌቱ (ስብራቱን የሚያስረው ብረት) ይጋለጣል። እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው እስኪሸበሸብ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። እስከዚያ በጀሶ ውስጥ የሚንሸራተት ከሆነ በጀሶ አትታገሉ፤ ሁለት ፒን (የብረት ዘንግ) ቲቢያ (ትልቁ የቅልጥም አጥንት) ላይ፣ አንድ ደግሞ ተረከዝ ውስጥ ከውስጠኛው ጎን ወደ ውጭኛው አሳልፋችሁ ከቆዳ ውጭ በሚሆን ማሰሪያ ያዙት።

ከሁሉ የሚከፋው ፊቡላን (በውጭ በኩል ያለውን ቀጭኑን የቅልጥም አጥንት) አሳጥሮ ወይም አዙሮ ማሰር ነው። ፕሌቱ በራጅ ሲታይ ያምራል፤ ታለስ (ከቲቢያ ሥር ያለው የቁርጭምጭሚት አጥንት) ግን ወደ ውጭ ሸርተት ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲንሸራተት የመገጣጠሚያው የንክኪ ስፋት በ42 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚያነክስ ሰው ከዚህ ይመጣል። ስለዚህ የጤነኛውን እግር ራጅ አጠገቡ አድርጉና ርዝመቱን አመሳክሩ።

ፊቡላ ከታሰረ በኋላ ሲንደስሞሲስን (ቲቢያንና ፊቡላን ከታች የሚያያይዙትን ጅማቶች) ሳይፈትኑ መዝጋትም ያው ጥፋት ነው። ፊቡላን በመንጠቆ ወደ ውጭ ሳቡት፤ ክፍተቱ ከተከፈተ በብሎን ይታሰራል። ሁለቱን አጥንቶች አጣብቆ የሚይዘው መቆንጠጫ ሰያፍ ከተያዘ ግን ፊቡላን ከቲቢያ ጎድጓዳ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ብሎኑም በዚያው በተሳሳተ ቦታ ያስረዋል። ከተጠራጠራችሁ ከፊት ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ብሎኑ 3.5 ሚሊ ሜትር፣ ከመገጣጠሚያው 2–3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመገጣጠሚያው ጋር ትይዩ፣ ከኋላ ወደ ፊት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ይሁን።

የቲቢያን የኋላ ጠርዝ ስብራት በራጅ ብቻ አትመዝኑ፤ ሲቲ ስካን ካለ አስነሱ።

የስኳር ሕመምተኛን በ6 ሳምንት እንዲረግጥ አትፍቀዱ፤ እጥፉን ጊዜ ስጡት።