ከድሬ ወደ አፋር በረሃ የቡድን ጉዞ እንዴት ይዘጋጃል?

ድሬ ያደገ ሰው ሙቀት አያስፈራውም። እኔንም አላስፈራኝም ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ይዤ መጀመሪያ ወደ ሰመራ ስወርድ ያስጨነቀኝ የመዋጮው ነገር ነው። ዛሬ ከሁሉ በፊት የማስበው ውሃውን ነው።

ወሩ ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሰው ሰብስቦ ወደዚያ መውረድ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። የመንገዱን ጸጥታ ከሳምንት በፊትም፣ በዋዜማውም ደውላችሁ አጣሩ። ዳሎልና ኤርታሌ ፈቃድ፣ የአካባቢ መሪና ላንድክሩዘር ይፈልጋሉ። አውቶቡስ አይደርስባቸውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሰመራና የአላሎባድ ፍል ውሃ ይበቃችኋል።

ለ22 ሰው አንድ ኮስተር (መካከለኛ አውቶቡስ) ይሆናል። ኤሲ ካለው ደስ ይላል፤ እኔ ግን ከኤሲው ጎማውን አስቀድማለሁ። ሁለት ትርፍ ጎማ ይኑረው። የጎማ ንፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ይለካ።

አሁን ወደ ውሃው። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር አስቡ። ለ22 ሰው 110 ሊትር ነው። አዋሽ፣ ሚሌና ሎግያ ከተሞች ላይ መሙላት ይቻላል፤ መኪና ቢበላሽ ግን ከተማው ወደ እናንተ አይመጣም። ስለዚህ ሁልጊዜ የ2 ቀን ያዙ፤ 220 ሊትር፣ ማለትም 11 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። አስራ ሁለተኛው ለራዲያተር ነው፤ ማንም እንዳይነካው።

የእኔ ጥፋት ከጀሪካኑ ጀመረ። ከገበያ የዘይት ቢጫ ጀሪካን ገዝቼ ለቅለቅ አደረግኩና ሞላሁት። ገዋኔን ስናልፍ ውሃው ሞቆ የከረመ ዘይት ይሸት ጀመር። ሰው ቀምሶ ይመልሰዋል። በጨዋታ መሀል ማን እንዳልጠጣ አላየሁም። ሚሌ ሳንደርስ አንዲት ታላቅ የሥራ ባልደረባችን ዝም አሉ። ቆዳቸው ደርቋል፣ የሚናገሩት አይያያዝም። ጥላ ውስጥ አስተኝተን፣ ልብሳቸውን አርሰን፣ በነጠላ እያራገብን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ተረፉ። እጃቸውን ይዤ የተቀመጥኩበትን ያን ሰዓት አልረሳውም።

እንግዲህ ጀሪካኑን እንዲህ አዘጋጁ። የሚቻል ከሆነ ዘይት ያልነካው አዲስ ግዙ። የዘይት ከሆነ በፈላ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ከዚያ ንጹህ ውሃ ሞልታችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት። ማታ ከፍታችሁ አሽትቱ። ትንሽ እንኳ ከሸተተ ለራዲያተሩ አድርጉት። ሲጫን ፖርቶማጋላ ላይ አይውጣ፤ ፀሐይ ያፈላዋል፣ ክብደቱም መኪናውን ያወዛውዛል። ወለል ላይ ደርድሩና እርጥብ ጆንያ አልብሱት። የበረሃው አየር ደረቅ ስለሆነ ጆንያው እየደረቀ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ከበረዶ ሳጥን ይሄ ይሻላል፤ በረዶው ይቀልጣል።

ውሃ መያዝ ብቻ አይበቃም፣ ማጠጣት አለ። አንድ ሰው መድቡ። በየግማሽ ሰዓቱ ኩባያ ይዞ ይዙር፣ «አልጠማኝም» የሚለውን አይስማ። ጨው ያለበት ምግብና ጥቂት ኦአርኤስም (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ያስፈልጋል፤ ላብ ጨውንም ይዞ ይወጣል። ወጣቶቹ የአዋሽን ወንዝ በመስኮት ሲያዩ «ውሃ እኮ አለ» ይላሉ። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው፤ ውሃው ሳይጣራና ሳይፈላ አይጠጣም።

ከድሬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። በደንገጎ ወጥታችሁ ቁልቢ ስትደርሱ ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። ጭሮን አልፋችሁ ሚኤሶ ስትወርዱ ታወልቁታላችሁ። አዋሽ እደሩ። በማግስቱ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ፈልጋችሁ አርፉ።

አፋሮች ሲገናኙ ቆም ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። እናንተም ሰላም ሳትሉና ሳትጠይቁ ካሜራ አታውጡ።

አላሎባድ ላይ ውሃው ይፈላል፣ ዳሩ ላይ ያለው አፈር ስስ ነው። መሪው በረገጠበት ብቻ ርገጡ፣ ልጆችን በእጃችሁ ያዙ። ለመመለስ ጀሪካኖቹን ከዋዜማው ማታ ሙሉ፤ ጠዋት ላይ ቧንቧው ውሃ ላይኖረው ይችላል።