ሥራ በማደሪያ፦ ሻንጣችሁን ከማስገባታችሁ በፊት

«ክፍልና ምግብ ይሰጡኛል፣ እኔ ደግሞ በቤት ሥራና በልጆች አግዛቸዋለሁ። ችግር አለው እንዴ?» ውጭ አገር አዲስ የገቡ ሰዎች የሚጠይቁኝን ይህን ጥያቄ በስልክ መመለስ ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና ከእንግዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እልካለሁ።

አብዛኛው አዲስ መጪ ብር በእጄ ካልተቀበልኩ ሥራ አልሠራሁም ብሎ ያምናል። ሕጉ እንደዚያ አያስብም። አሜሪካ ውስጥ ቶኒ እና ሱዛን አላሞ ፋውንዴሽን የሚባል ሃይማኖታዊ ድርጅት ነበር። ሰዎቹ ነዳጅ ማደያና ሱቅ ውስጥ ይሠራሉ፤ የሚሰጣቸው ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ነው። ራሳቸው ሠራተኞቹ ፍርድ ቤት ቀርበው «በጎ ፈቃደኞች ነን፣ ደሞዝ አንፈልግም» አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 አልተቀበላቸውም። ምግቡና መጠለያው ያው ደሞዝ ነው፣ መልኩን ቀየረ እንጂ ብሎ ወሰነ።

ኒውዚላንድም ብትሄዱ እርሻ ላይ በማደሪያና በምግብ መሥራት እንደ ሥራ ነው የሚቆጠረው፤ ለዚያ የሚፈቅድ ቪዛ ያስፈልጋል። እንግሊዝ በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው በነፃ ማገልገል የሚችለው ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ያውም ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ። የሥራ ፈቃድ ሳይኖራችሁ «ዝም ብዬ ነው ያገዝኳቸው» ማለት አያድንም። መንግሥታቱም ያናድዳሉ። ሰውን ለወራት አትሥራ ብለው ያስቀምጡታል፣ በምን እንደሚበላ ግን አይነግሩትም። ሰው ወደዚህ ዓይነት ስምምነት የሚገባው እኮ ወዶ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዉፍ የሚባለውን የእርሻ በጎ ፈቃደኞች መረብ ሰምታችሁ ይሆናል። በ1971 እንግሊዝ ውስጥ ሲጀመር የከተማ ሰዎች ቅዳሜና እሁድ ገጠር ወርደው፣ አረም ነቅለው፣ በልተውና አድረው የሚመለሱበት ነበር። እሁድ ማታ የሚገቡበት ቤት ነበራቸው። ገበሬው ቢያስከፋቸው ቦርሳቸውን አንስተው ይሄዳሉ። እናንተስ? ነገ ጠዋት «ዛሬ አልችልም» ብትሉ ማታ የት ታድራላችሁ? መልሱ «መንገድ ላይ» ከሆነ በጎ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም፤ ቅን ሰዎች ቢሆኑም እንኳ። እኔ ይህንን ነው የምለው፣ የማይስማማ ካለ ይከራከረኝ።

«እንደ ቤተሰባችን ነሽ» የሚለው አባባል ደግሞ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ይህ ሕጋዊ ማምለጫ ሆኖ ለዓመታት ቆይቷል። አብሮ የሚኖር የቤት ሠራተኛ እንደ ቤተሰብ አባል ከተያዘ ዝቅተኛው ደሞዝ አይመለከተውም ነበር። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን አሠሪው ከዝቅተኛው ደሞዝ ላይ ማሰብ የሚችለው የማደሪያውን ነው፣ እሱም በቀን የተወሰነ ጣሪያ አለው። ለምግቡ አንድ ሳንቲም ማሰብ አይችልም። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። የሳምንቱን ሰዓት በአገሩ ዝቅተኛ ደሞዝ አባዙት፤ ከዚያ በሰፈሩ አንድ ክፍል ስንት እንደሚከራይ ጠይቁና ሁለቱን አወዳድሩ። ልጅ ተኝቶ እናንተ የምትጠብቁበትም ሰዓት ይቆጠር። መውጣት ካልቻላችሁ እረፍት አይደለም።

እኔን ያቃጠለኝ ግን የሥራው ብዛት አልነበረም። አድራሻ ነው። ይህን ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

የምትኖሩበት ቤት አድራሻችሁ ይሆናል። የኢሚግሬሽን ደብዳቤ የሚመጣው እዚያ ነው። እኔ ከነበርኩበት ቤት የወጣሁት በኩርፊያ ነበር። ለኢሚግሬሽን አሻራ የምሰጥበት የቀጠሮ ደብዳቤዬ ከወጣሁ በኋላ መጣ። ማንም በክፋት አልደበቀውም። ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ከቅናሽ ማስታወቂያዎች ሥር ሳይከፈት ተቀምጦ ነበር። ሳገኘው የአሻራው ቀን አልፏል። ቀጠሮውን እንደገና ለማስያዝ የለመንኩትን ልመና አልረሳውም።

አሜሪካ ላላችሁ፦ ቤት ስትቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ቅጹ ኤአር-11 ይባላል፣ በኢንተርኔት ይሞላል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ኬዛችሁ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከደረሰ ኤአር-11 ብቻውን አይበቃም። ፍርድ ቤቱ የራሱ ቅጽ አለው፣ ኢኦአይአር-33፣ የተሰጠው ጊዜ 5 የሥራ ቀን ነው። አንዱ ቢሮ የነገራችሁትን ለሌላው ይነግርልኛል ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ፖስታ ቤቱም ለብቻው ነው፣ ጠበቃችሁም ለብቻው። ደብዳቤ አልደረሰኝም ብሎ ችሎት የቀረ ሰው በሌለበት የመባረር ውሳኔ ሊሰጥበት ይችላል። ያንን ማስነሳት ሌላ ዓመት የሚፈጅ ጣጣ ነው። ከተቻለ ከመጀመሪያውም የምታምኑትን፣ ቶሎ ቤት የማይቀይር ሰው አድራሻ ለፖስታ ተጠቀሙ፤ የምትኖሩበትን ግን በትክክል አሳውቁ።

ፓስፖርት በጭራሽ ለማንም አይሰጥም። «እኔ ጋ ይቀመጥልሽ» የሚል ሰው ዘመድም ቢሆን። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው 189ኛው ስምምነት የቤት ሠራተኛ ሰነዱን በእጁ የመያዝ መብት እንዳለው በግልጽ ይላል።

ለመጪውም አንድ ነገር አለኝ። አጠባለሁ፣ ልጅ አደርሳለሁ ብሎ ገብቶ እስከ እኩለ ቀን የሚተኛ አለ። በዚህ የተነሳ ቤታቸውን የዘጉ ሰዎች አውቃለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ያስጠጋችሁ ሰውም ቤቱን የሰጣችሁ ባለዕዳ አድርጎ ሊይዛችሁ አይደለም። ስንት ሰዓት፣ የትኞቹ ቀናት፣ እስከ መቼ፣ ለመውጣት ስንት ቀን ቀድሞ መናገር፤ ይህን ሁሉ ከመግባታችሁ በፊት በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ጻፉለት። «ጋሼ፣ የተነጋገርነው ይህ ነው አይደል?» ብላችሁ ጠይቁት። «አዎ» ብሎ ከጻፈ በቂ ነው። «በእኛ መሃል ደግሞ ይህ ምን ያስፈልጋል» ካለ ሻንጣውን ገና አታስገቡ፤ ሌላ ሰው ጋ ደውሉ።